ጠርዙ የጎደለ ሳንቲም ከደረሳችሁ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ስትገበያዩ እንደ ተገመጠ ዳቦ ጠርዙ የጎደለ ሳንቲም በመልስ ከደረሳችሁ፣ ቶሎ አትገበያዩበት፤ ሲታተም የተሳሳተ ከሆነ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ሊገዙት ይችላሉ። መጀመሪያ ከጎደለው ቦታ ትይዩ ያለውን ጠርዝ እዩ። እዚያ ጠርዙ ሳሳ ብሎ ወይም ጠፍቶ ከሆነ፣ ስህተቱ ከማተሚያው የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሳንቲሙ ሳይታተም በፊት ጠርዝ ሲወጣለት፣ በጎደለው በኩል የሚገፋው ብረት ስለሌለ ነው። የሞረድ ጭረት ካያችሁ ግን ሰው የቆረጠው ነው፤ ከተጻፈበት ዋጋ አያልፍም። ምስሉ ወደ አንድ ጎን የሸሸ ከሆነ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ይነበብ እንደሆነ እዩ፤ ሰብሳቢዎች ለሚነበበው የተሻለ ይከፍላሉ። ዋጋውን ስትገምቱ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን ተመሳሳይ ሳንቲም በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ ያዙ። አደራ፣ በአመድም በሎሚም እንዳታሹት! የታሸ ሳንቲም ዋጋው ይወርዳል።