እንግሊዝ አገር ምግብ ቤት ሲከፍቱ የእሳት አደጋ ግዴታዎን እንዴት ይወጣሉ?

በእንግሊዝና በዌልስ ሥራ የሚሠራበትን ቤት የሚያስተዳድር ሰው በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው የእሳት ደኅንነት ሕግ ይጠየቃል። ምግብ ቤት ላይ ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ አሠሪው ነው፤ ቤቱን መከራየትዎ ነጻ አያወጣዎትም።

መጀመሪያ የአደጋ ግምገማ ይሠራል። ምን ሊነድ ይችላል፣ በምን ይቀጣጠላል፣ ቶሎ መውጣት የሚያቅተውስ ማነው ብለው እያንዳንዱን ክፍል ይዩ። ያገኙትንና የወሰዱትን እርምጃ በሙሉ ይጻፉ። ቀድሞ መጻፍ ግዴታ የነበረው በዋናነት አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው ነበር፤ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ግን ማንም አይቀርለትም።

ጊዜ የሚፈጀው ማድቤቱ ነው። የጭስ ማውጫው ማጣሪያ ቢታጠብም ከጀርባው ባለው ቱቦ ውስጥ ስብ ይጋገራል፤ ከምድጃ የተነሳ ነበልባል በዚያው ሽቅብ ጣሪያ ይደርሳል። በቀን ከ12 ሰዓት በላይ የሚያበስል ቤት ቱቦውን በየ3 ወሩ፣ ከ6 እስከ 12 ሰዓት የሚያበስል በየ6 ወሩ በባለሙያ ያስጠርግ። ለዘይት እሳት ቢጫ ምልክት ያለው የ“ኤፍ” ምድብ ማጥፊያ ያስቀምጡ። ውሃ ከተደፋበት ወደ ሥር ሰምጦ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ዘይት ይረጨዋል።

ቡና የተፈላበት ከሰል አመዱ ውስጥ ለሰዓታት ፍም ይደብቃል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውጭ ይዋል እንጂ ፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይገልበጥ። ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝም ስለሚያወጣ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ያስፈልጋል። እጣኑ አላርሙን እያስጮኸ ሲያስቸግር ጭስ ጠቋሚውን በጓንት የሚሸፍኑ አሉ፤ ትልቅ ጥፋት ነው። ማጨሻውን ያርቁ፤ ካልሆነም ባለሙያ የጠቋሚውን ዓይነት ወይም ቦታ ይቀይር።

የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ሰው ውስጥ እያለ ያለ ቁልፍ መከፈት አለበት፤ የሽንኩርት ጆንያም አይደገፍበት። ተቆጣጣሪዎች ሰው ለከባድ አደጋ ተጋልጦ ካገኙ ቤቱን ወዲያው ሊያዘጉ ይችላሉ፤ ከባድ ጥፋት እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። አንድ መውጫ ብቻ ያለው ክፍል ከ60 ሰው በላይ እንዳይይዝ መመሪያው ያሳስባል፤ ለልደትና ለክርስትና ሲከራይ የሚረሳው ይኸው ቁጥር ነው።

ቀሪው በመዝገብ የሚያዝ ነው። አላርሙን በየሳምንቱ፣ በየተራ ሌላ የአላርም ማስጮኺያ ቁልፍ እየተጫኑ ይሞክሩ። የአደጋ ጊዜ መብራት በየወሩ ለአጭር ጊዜ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ለሙሉ ጊዜው (አብዛኛው 3 ሰዓት) ይፈተናል። ማጥፊያውን በየወሩ እርስዎ፣ በየዓመቱ ባለሙያ ይየው። ሠራተኛ ሥራ በጀመረበት ቀን መውጫውን ያሳዩት፤ የመውጣት ልምምድ ቢያንስ በዓመት አንዴ ያድርጉ። አዲስ መጥበሻ ካስገቡ ወይም ወንበር ካበዙ ግምገማውን ይከልሱ።