ክራፒ ለማጥመድ ዘንግና ሪል፦ ችግሩ ከየት ይመጣል? መፍትሄውስ?

ክራፒ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ጥቁርና ነጭ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። በቨርጂኒያም ሆነ በጆርጂያ፣ በቴክሳስም ሆነ በሚኒሶታ ብትኖሩ፣ ክራፒ ያለበት ሐይቅ አታጡም። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው፤ ለጥብስ የሚወዳደረው የለም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ጀማሪው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ጥፋቱን በዓሣው ወይም በዕድሉ ላይ ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ዕቃው ላይ ነው።

ሱቅ ሲገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ዘንግ ነው፤ ያውም ወፈርና ጠንከር ያለውን። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ የጂጉን ክብደት ወስኑ። ክሩ ለጂጉ፣ ዘንጉ ለክሩ፣ ሪሉ፣ ማለትም ክር መጠቅለያው፣ ደግሞ ለዘንጉ እንዲስማማ አድርጋችሁ ምረጡ። ጂግ ማለት አናቱ ላይ የእርሳስ (ሊድ) ብረት ያለበት፣ ከኋላው የፕላስቲክ ወይም የፀጉር ጭራ የሚደረግለት ትንሽ መንጠቆ ነው። ለክራፒ ከ1/32 እስከ 1/8 አውንስ ያለው ይበቃል። ለጀማሪ 1/16 ጥሩ ነው፤ ክብደቱ ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ይህን ቅልል ያለ ነገር በከባድ ዕቃ ለመወርወር ከመሞከር ነው።

"ስወረውር ጂጉ እዚሁ አጠገቤ ይወድቃል"

ዘንግ የሚወረውረው ጎብጦ ሲመለስ ነው። ሁለት ግራም የማይሞላ ነገር ደግሞ ጠንካራ ዘንግን ማጉበጥ አይችልም። ከእጀታው ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። "ከ1/4 እስከ 3/4 አውንስ" የሚል ከሆነ ለሌላ ዓሣ የተሠራ ነው። የእናንተ "ከ1/32 እስከ 1/4" ወይም "ከ1/16 እስከ 1/4" የሚል ይሁን። ዓይነቱ አልትራላይት (እጅግ ቀላል) ወይም ላይት (ቀላል)፣ ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ጫማ ቢሆን ይመረጣል። ክሩ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ፓውንድ ሞኖ ይሁን፤ ሞኖ ነጠላ የናይሎን ክር ነው፣ ፓውንዱም ሳይበጠስ የሚችለው ጉልበት ነው። ወፍራም ክር ከሪሉ ሲወጣ ስለሚጎተት ቀላሉን ጂግ ያስቀረዋል።

ከባዱን ዘንግ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። ከጂጉ በላይ ቦበር የሚባለውን ተንሳፋፊ እሰሩ። የቦበሩ ክብደት ውርወራውን ያግዛል፤ እስኪቀየር ድረስ ያሠራችኋል።

"ይያዝና መንገድ ላይ ያመልጠኛል"

ትልቁ ብስጭት ይኼ ነው። የክራፒ አፍ ዙሪያው ስስ ቆዳ ነው፤ አሜሪካኖቹም "ወረቀት አፍ" ይሉታል። በኃይል ከተሳበ ይቀደዳል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ መንጠቆው በራሱ ይወጣል።

ስለዚህ አራት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ የዘንጉ ጫፍ። በጣትዎ ሲጫኑት በቀላሉ የሚጎብጥ መሆን አለበት፤ ዓሣው ሲንፈራገጥ ድንጋጤውን የሚውጠው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ድራጉ፣ ማለትም ዓሣው ሲስብ ሪሉ ክር እንዲለቅ የሚያደርገው ማስተካከያ። ብዙ ሰው አጥብቆ ይዘጋዋል። ለባለ 4 ፓውንድ ክር፣ በአንድ ፓውንድ አካባቢ ጉልበት ሲሳብ መልቀቅ ይጀምር። ሚዛን ከሌላችሁ ክሩን በእጅ ሳቡት፤ ሳይንገራገጭ፣ እየተንሸራተተ መውጣት አለበት። ሪል ስትገዙም ከሌላው ሁሉ በፊት መፈተን ያለበት ይኼ ነው። ሦስተኛ፣ ክሩ። የተጎነጎነው ብሬድ የሚባለው ክር እምብዛም አይለጠጥም፤ ለጀማሪ የሚለጠጠው ሞኖ ይሻላል።

አራተኛው የእጅ ጉዳይ ነው። ዓሣው ሲይዝ ዘንጉን መንጨቅ አያስፈልግም፤ ቀና አድርጎ ክሩን ማጥበቅ ይበቃል። ከዚያ ክሩ ሳይላላ በእርጋታ መጠቅለል ነው። ዳር ሲደርስ በዘንግ ከውኃ አታውጡት። መረብ ያዙ።

"መቼ እንደበላ አይታወቀኝም"

ክራፒ ብዙ ጊዜ ከሥር ወደ ላይ ተነስቶ ነው የሚበላው። ዓይኖቹም ከበላዩ ያለውን ለማየት የተመቹ ናቸው። ምግቡን ይዞ ወደ ላይ ሲቀጥል ክሩ በመወጠር ፋንታ ይላላል። እጁ እስኪሳብ የሚጠብቅ ሰው ዓሣው ጎርሶ ሲተፋው አያውቅም።

እዚህ ላይ ግራፋይት ዘንግ ከፋይበርግላስ ይበልጣል፤ ቀላልም ነው፣ ትንሿን ንክኪም ወደ እጅ ያደርሳል። ፋይበርግላስ ግን በቀላሉ አይሰበርም፤ ለልጆች እሱን እመርጣለሁ። ደመቅ ያለ ቀለም ያለው ክር ግዙና ዓይናችሁን ክሩ ላይ አድርጉ። በቦበር ከሆነ፣ ቆሞ የነበረው ቦበር በጎኑ ከተኛ ዓሣው ምግቡን ወደ ላይ አንስቶታል ማለት ነው። ያኔ ሳቡ። ጂጉ ከዓሣዎቹ በላይ እንጂ ከሥራቸው እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

"ክሩ ይጠማዘዛል፣ ይተበተባል"

ለዚህ ሥራ 1000 ወይም 2000 የሚል የመጠን ቁጥር ያለው ስፒኒንግ ሪል (ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ዓይነት) በቂ ነው። ሲተበተብ ሪሉን ከመውቀሳችሁ በፊት አሞላሉን እዩ። ክሩ እስከ መጠቅለያው ጠርዝ ከሞላ በጥቅሉ ይፈሳል። ከጠርዙ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ከወረወራችሁ በኋላ ቤይል የሚባለውን የሽቦ ቅስት በእጅ ዝጉ፤ መዘውሩን አዙሮ መዝጋት ክሩን ቀስ በቀስ ያጣምመዋል። ዓሣው ክር እየወሰደ ሳለም መዘውሩን አታዙሩ። የተጠማዘዘውን ክር ጂጉን ፈትታችሁ ሣር ላይ ረጅም ርቀት ጎትቱትና መልሳችሁ ጠቅልሉት፤ ጠመዝማዛው ይፈታል። ያረጀ ከሆነ ቀይሩት፤ ሞኖ ርካሽ ነው።

"መንጠቆዬ ሁልጊዜ እንጨት ላይ ይቀራል"

ክራፒ የሚወደው የሰመጠ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና የድልድይ ምሰሶ አካባቢ ነው። ስለዚህ እንጨት መንካቱ ጥሩ ምልክት ነው። ችግሩ ወርውሮ በእንጨቱ መሀል መጎተቱ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከ10 እስከ 12 ጫማ የሚረዝም ዘንግ አለ። ሳይወረወር፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ጂጉን በእንጨቶቹ መሀል ወዳለው ክፍተት ማውረድና ቀጥ አድርጎ ማውጣት ነው። ሪሉ እዚህ ክር ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ርካሹ ይበቃል። ክሩን ወደ 8 ፓውንድ ከፍ አድርጉ። መንጠቆው ቀጭን ሽቦ ከሆነ፣ ሲያዝ በዝግታ ብትስቡት ተቃንቶ ይወጣል፤ በፒንሳ መልሳችሁ ታጎብጡታላችሁ። ረጅም ዘንግ ይዛችሁ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እዩ፤ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከሽቦ ሥር አይዘረጋም።

ረጅሙን ዘንግ የመሞከሪያው ጊዜ ፀደይ ነው። ውኃው ከ60 እስከ 68 ዲግሪ ፋራናይት ሲሞቅ ክራፒ ለመራባት ወደ ዳር ይጠጋል፤ ጀልባ የሌለው ሰውም ይደርስበታል። በቨርጂኒያ ሌክ አና እና ከኖርዝ ካሮላይና ጋር የምንጋራው ኬር ሐይቅ በክራፒ የታወቁ ናቸው። እዚያ 16 ዓመት የሞላው ሰው የማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መያዝ የሚፈቀደው ብዛትና ርዝመት ግን ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል፤ ከመውጣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሐይቅ ደንብ አንብቡ።