ለአንጋፋ ድምፃዊ የሌሎችን ዘፈን በአልበም መሥራት፦ ከቱሉ ዲምቱ የተማርኩት

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዷን መኝታ ቤት ስቱዲዮ አድርጌ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አንድ አንጋፋ ድምፃዊ መጡና በወጣትነታቸው የሚወዷቸውን የሌሎች ዘፈኖች በራሳቸው ድምፅ መቅረጽ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሰባት ዘፈን አወጣን። እንዲህ ያለ ሥራ ከገጠማችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ማይክ ከመክፈታችሁ በፊት ፈቃድ። ብዙ ሰው ዘፋኙን ወይም ቤተሰቡን ያስፈቅድና ጨረስኩ ይላል። አይበቃም! ጥላሁን ገሠሠ ከዘፈናቸው የብዙዎቹ ግጥምና ዜማ የሌሎች ሰዎች ነው፤ ስለዚህ የካሴቱን ሽፋን ፈልጉና ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን እንደሆነ ለይታችሁ ያዙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ዕድሜ ልኩን፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስምምነቱን በወረቀት አድርጉት። እኛ አንዱን ዘፈን «እሺ ይዝፈኑት» በሚል ቃል ብቻ ቀርጸን ከጨረስን በኋላ ወራሾቹ እርስ በርስ ሳይስማሙ ቀሩ፣ ከአልበሙም አስወጣነው፤ ጋሼ ከሁሉም አሳምረው የዘፈኑት እሱን ስለነበር እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ የድምፁ ከፍታ፣ ሙዚቀኞች ኪ የምንለው። ዋናው ዘፋኝ በ25 ዓመቱ የደረሰበት ላይ የ68 ዓመት ጉሮሮ መንጠራራት የለበትም። ክራር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አዝማቹን ብቻ ያንጎራጉሩ፣ ትንፋሽ ሳያጥራቸው ስንኙን የሚጨርሱበት ቦታ ስትደርሱ እዚያው ቁሙ። እኛ አብዛኛውን ሁለት ወይም ሦስት ግማሽ ቶን አወረድነው (ግማሽ ቶን ማለት ኪቦርድ ላይ፣ ነጩንም ጥቁሩንም ቆጥራችሁ፣ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)። ክራሩ እንደ አዲስ ይቃኛል፣ ቅኝቱን፣ ማለትም ዘፈኑ የተሠራበትን የድምፆች ስብስብ፣ ግን አትንኩ። ለምሳሌ ትዝታ የሚባለው ቅኝት ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነት አለው፤ ሜጀሩን ማይነር ለማድረግ ሚ እና ላ የሚባሉትን ድምፆች በግማሽ ቶን ማውረድ ይበቃል፤ ኪቦርድ ላይ ስለሚቀል ያጓጓል፣ ዘፈኑ ግን ሌላ ዘፈን ይሆናል።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ዋናውን ዘፋኝ ለመምሰል ሞከሩ፣ አጨራረሱን ሳይቀር። «ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው የእርስዎን ድምፅ ነው» አልኳቸው፣ የድሮውን ቅጂም ለሦስት ሳምንት እንዳይሰሙ ለመንኳቸው። ሲመለሱ ግጥሙን ለሰው እንደሚያወሩ አድርገው ዘፈኑት። ማዳመጫውን እንዳደረግሁ አለቀስኩ።

ዘፈኑን አታስረዝሙ። አምሃ ሬከርድስ የሚባለው የሸክላ አሳታሚ በ1960ዎቹ ባሳተማቸው ትንንሽ ሸክላዎች አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ዜማው ቶሎ ገብቶ ቶሎ የሚወጣው ለዚህም ነው፣ ያምርበታልም።

ከተማ ዳር የምትቀርጹ ከሆነ ሰዓት ምረጡ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከእኛ ሩቅ ስላልሆነ ቀን የከባድ መኪና ድምፅ አለ፣ ሌሊት ውሻና ጅብ ይጮኻል፣ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ይከፈታል። እኛን የተመቸን እሑድ ከሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ መብራት ስለሚጠፋ እያንዳንዱን ቅጂ ወዲያው ሴቭ አድርጉ፣ ከአንድ ሰዓት በላይም አታዘፍኗቸው።

ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑ በየዘፈኑ ሥር የግጥሙን፣ የዜማውንና መጀመሪያ የዘፈነውን ሰው ስም ጻፉ። ጋሼ ዝርዝሩን በእጃቸው ጽፈው ነው የሰጡኝ፣ የራሳቸውን ስም ከሁሉም ታች አድርገው።