የዓለም አቀፍ ቀዛፊን ጉዞ የሚያሰናክሉ ስህተቶች

ብሔራዊ ቡድን ደጃፍ ላይ ደርሰው የሚመለሱ ቀዛፊዎችን የሚያስቀራቸው፣ በእኔ እምነት፣ የጉልበት ማነስ አይደለም። ጉልበታቸውን በማይሆን ቦታ ስለሚያፈሱት ነው።

በየቀኑ ራስን መፈተን

የ2,000 ሜትር ውድድር እንደ ጀልባው ዓይነት ከ5 ደቂቃ ተኩል እስከ 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ጊዜው አጭር ቢመስልም አብዛኛው ኃይል የሚመጣው ከሚተነፍሱት ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ታላላቆቹ የልምምዳቸውን ትልቁን ክፍል የሚሠሩት በደቂቃ ከ18 እስከ 20 ጊዜ ብቻ እየቀዘፉ፣ እያወሩ መቀጠል በሚችሉበት ልክ ነው። ወጣቱ ይህን ስንፍና አድርጎ ይቆጥረውና በየዕለቱ ከጎኑ ያለውን ጀልባ ለመቅደም ይታገላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቅልፉ ይረበሻል፤ በእውነት መፍጠን በሚገባው ቀን የሚያወጣው አቅም ያጣል።

የቀዘፋ መለማመጃ ማሽኑን የአየር ማስተካከያ ከሁሉም የሚከብደው 10 ላይ ማድረግም ከዚሁ የመጣ ነው። ቁጥሩ እያንዳንዱ የመቅዘፊያ ምት ምን ያህል እንደሚከብድ ብቻ ይናገራል፤ ስለ ቀዛፊው ብርታት የሚለው ነገር የለም። ለአብዛኛው ሰው ከ3 እስከ 5 ያለው ይበቃል።

ለቀጣዩ ምት ሲመለሱ መቸኮል

ከሁሉም ስህተት ይበልጥ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የተለፋበትን ፍጥነት በነፃ ይበትናል። ቀዛፊ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። መቅዘፊያውን ከውሃ አውጥቶ በተንሸራታቹ መቀመጫ ሲመለስ ሰውነቱ ወደ ጀልባዋ ኋላ ይሄዳል፤ ጀልባዋ ደግሞ ከሥሩ ወደ ፊት ትፈተለካለች። ከፍተኛው ፍጥነቷ የሚመዘገበው ያኔ ነው፣ ማንም መቅዘፊያ በማይስብበት ቅጽበት። በዚህ ሰዓት ተቻኩሎ የተንሸራተተ ሰው ጉልበቱ ሲታጠፍ ሙሉ ክብደቱን የእግር መርገጫው ላይ ያሳርፋል፤ ጀልባዋም ትገታለች። ከዳር ሆነው ሲያዩ የኋላ ጫፏ ጎንበስ ሲል ይታያል። በስምንት ሰው ጀልባ ላይ አንዱ ብቻ ቢቸኩል እንኳ ሰባቱ ይሰማቸዋል።

ማረሚያው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ሲስቡ እግር፣ ከዚያ ጀርባ፣ በመጨረሻ ክንድ፤ ሲመለሱ ደግሞ ክንድ ይቀድማል፣ ጉልበት ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው።

የመጀመሪያውን 500 ሜትር እንደ ሙሉ ውድድር መቅዘፍ

እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ የነጠላ ቀዛፊዎች ፍጻሜ ኒውዚላንዳዊው ማሄ ድራይስዴልና ክሮኤሺያዊው ዳሚር ማርቲን እኩል በ6:41.34 ገቡ፤ ድራይስዴል ያሸነፈው መድረሻው ላይ በተነሣ ፎቶ ተለይቶ ነው። ማርቲን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች እንዲያ የገሰገሰው አቅም ስላስቀረ ነው። መነሻው ላይ ሁሉን የጨረሰ ሰው ይህን የመሰለ ፉክክር ውስጥ አይገባም።

ሕመምን መደበቅ

የጎድን አጥንት ስንጥቅ ቀዛፊዎችን ደጋግሞ የሚያጠቃ ጉዳት ነው። ሲጀምር ጡንቻ የተሸማቀቀ ያስመስላል። ሲያስሉ ወይም አልጋ ላይ ሲገላበጡ የሚወጋ ከሆነ ግን ልምምዱን ያቁሙና ሐኪም ይዩ፤ በጊዜ ከተያዘ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፣ ቦታ አጣለሁ ብለው ከቀጠሉበት ግን የዓመቱን ውድድር ይወስዳል። እንግሊዛዊው ስቲቭ ሬድግሬቭ እ.ኤ.አ. በ1997 የስኳር ሕመም እንዳለበት ታወቀ፤ ሕክምናውን ከልምምዱ ጋር አስማምቶ በ2000 ሲድኒ ላይ አምስተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ።

የውሃ ጠርሙስ መዋዋስና ባልታጠበ እጅ መብላትም እንደ ቀላል አይታይ። ድራይስዴል ራሱ ቤጂንግ 2008 ላይ ሆዱን ታሞ ነበር ፍጻሜውን የቀዘፈው፤ ያገኘው ነሐስ ነው።

በረሃብ ክብደት መቀነስ

በቀላል ክብደት ምድብ የነጠላ ቀዛፊ ጣሪያ ለወንድ 72.5 ኪሎ፣ ለሴት 59 ኪሎ ነው። ለዚህ ሲባል ስንቶች ራሳቸውን አስርበዋል! ምግብ ያነሰው ሰውነት አጥንቱ ይሳሳል፤ የሴቶች የወር አበባም ሊቋረጥ ይችላል፣ ይህም ዝም ተብሎ የሚታለፍ ምልክት አይደለም። በዚያ ላይ ምድቡ ከ1996 እስከ 2024 በኦሊምፒክ ቆይቶ ለ2028 ወጥቷል። በምትኩ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ሮጦ ጀልባ ውስጥ በመግባት የሚጀመረው የባሕር ቀዘፋ ገብቷል፤ የተለመደው ውድድር ደግሞ በሎስ አንጀለስ 1,500 ሜትር ይሆናል። ተስፋን ሁሉ በአንድ ምድብ ላይ መጣል አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የፀረ ዶፒንግ ወረቀትን ለሌላ ሰው መተው

በምርመራ ዝርዝር ውስጥ የገባ ስፖርተኛ በየቀኑ የሚገኝበትን የ60 ደቂቃ ጊዜና ቦታ ማሳወቅ አለበት። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተገኘ ወይም መረጃውን በትክክል ካላስገባ፣ ምንም ሳይወስድ ሊታገድ ይችላል። አሰልጣኙ ቢረሳም ተጠያቂው ስፖርተኛው ነው። የልምምድ ቦታ ወይም በረራ ሲቀየር መረጃውን ወዲያው ያስተካክሉ፤ ማሟያ ዱቄትም ሆነ የጉንፋን መድኃኒት ከመውሰድዎ በፊት የቡድኑን ሐኪም ይጠይቁ።