ወጣት ቀስተኛን ባለበት የሚያስቀሩ ስህተቶች

ቀስት ውርወራ ቦታ ይበላል። የኦሊምፒክ ውድድር ርቀት 70 ሜትር ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ 60 ሜትር። ከኢላማው ኋላ ባዶ መተው ያለበት መሬት ሲጨመርበት፣ መሀል አዲስ አበባ ላይ የሚታሰብ ነገር አይደለም። ስለዚህ ስፖርቱን የወደደ ልጅ ከወላጁ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዳርቻው ይወጣል፤ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ። ቦታው ከተገኘ በኋላ ግን ከቦታ እጦት የሚብስ ችግር ይመጣል፤ እሱም ችኮላ ነው። ከታች የዘረዘርኳቸው ስህተቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ አብዛኞቹን የምትወልዳቸው እሷ ናት።

ከኢላማው ኋላ ያለውን አለማየት

የዳርቻው ሜዳ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም። እረኛ አለ፣ ከትምህርት ቤት በአቋራጭ የሚመለስ ልጅ አለ፣ ሣር አጫጅ አለ። በ20 ፓውንድ ደጋን (ፓውንዱ አውታሩን ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ነው) ቀና ተደርጎ የተለቀቀ ቀስት ከመቶ ሜትር በላይ ይበራል። ኢላማው ተዳፋትን ወይም ከፍ ያለ የአፈር ቁልልን ተደግፎ ይቁም፤ ከኋላውም ከጎኑም የእግር መንገድ አይኑር። ባሕር ዛፍ ግድግዳ አይደለም፤ በግንዶቹ መካከል ቀስት ሾልኮ ያልፋል። በዚያ የሚያልፉትን እረኞች በስም ማወቅና ሰዓቱን አስቀድሞ መንገር፣ በእኔ ግምት፣ ቀይ ጨርቅ ከመስቀል የተሻለ ሥራ ይሠራል።

በውድድር ሜዳ ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው በድምፅ ምልክት ነው። ሁለት ጊዜ ሲሰማ ወደ መስመሩ ይቀረባል፣ አንድ ጊዜ ሲሰማ ይወረወራል፣ ሦስት ጊዜ ሲሰማ ቀስት ለመልቀም ይኬዳል። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ብቻዋን ብትሆንም በዚሁ ሥርዓት ትልመድ። ወደ ኢላማው በሩጫ አይኬድም፤ ኢላማው ላይ የተሰካ ቀስት ጭራው የሚያመለክተው የሚመጣውን ሰው ፊት ነው። ሲነቀልም አንድ እጅ ኢላማውን ይደግፋል፣ ከነቃዩ ጀርባም ማንም አይቆምም።

በደጋን ክብደት መፎካከር

ብዙ ልጅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዋ 30 ፓውንድ ሳበ፤ እሷ 18 ላይ ናት። አሥራ ስምንት ፓውንድ 8 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። የአንድ ውድድር የደረጃ ማውጫ፣ ማለትም ተወዳዳሪዎች በነጥብ የሚደረደሩበት መክፈቻ ዙር፣ 72 ቀስት ስለሆነ በዚያ ቀን በጣቶቿና በትከሻዋ የምትስበው ድምር ወደ 6 ኩንታል ይጠጋል። በ30 ፓውንድ ደጋን ሒሳቡ ወደ 10 ኩንታል ይደርሳል፤ ያውም የሙከራ ቀስቶች ሳይቆጠሩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትከሻ ይህን ሲሸከም የሚሆነው ይታወቃል፦ ወገብ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ የግራ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አንገት ወደ አውታሩ ይሄዳል። አንዴ የተለመደ ጠማማ አቋም ደግሞ ደጋኑ ቢቀልም ቶሎ አይለቅም።

ለጀማሪ ልጅ ከ16 እስከ 20 ፓውንድ ያለው በቂ ነው። ስባ አገጯ ስር ካደረሰች በኋላ አሥር ሴኮንድ ያህል ሳትንቀጠቀጥ መያዝ ካቃታት ደጋኑ ከብዷታል፤ ክርክር አያስፈልገውም። ጭማሪው በ2 በ2 ፓውንድ ይሁን።

ብዙ ወላጅ የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በደጋኑ ክንፍ (ከእጀታው በላይና በታች ባለው የሚተጣጠፍ ክፍል) ላይ የተጻፈው ክብደት አውታሩ 28 ኢንች ሲሳብ የሚኖረው ነው። እጇ አጭር ሆኖ 25 ኢንች ብቻ የምትስብ ልጅ 24 የተጻፈበትን ደጋን ስትስብ ወደ 18 ገደማ ነው የምታገኘው፤ በእያንዳንዱ ኢንች 2 ፓውንድ ያህል ይቀንሳልና። ይህ ማለት ልጅቷ በቁመት ስታድግ ማንም ምንም ሳይቀይር ደጋኑ በራሱ ይከብዳታል። ባለፈው ዓመት ቀሏት የነበረው ዘንድሮ ለምን እንዳንቀጠቀጣት ግራ ለገባቸው መልሱ ይኸው ነው። በአንድ ክረምት ብዙ ያደገች ልጅ የክብደት ጭማሪ ሳይሆን ቅናሽ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ያደገ እንዲበቃው ብሎ መግዛት

እቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውጭ አገር በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። አጎት ሲጠየቅ፣ ለትምህርት ቤት መክፈቻ ጫማ ሰፋ አድርጎ እንደሚገዛ ወላጅ፣ ያደገች እንዲበቃት ብሎ የአዋቂ ደጋን ይዞ ይመጣል። የሚያስቀው ነገር ይህ አስተሳሰብ ለቀስቱ ትክክል፣ ለደጋኑ ደግሞ ስህተት መሆኑ ነው። ቀስት ረዘም ማለት አለበት። አጭር ከሆነና ልጅቷ ካደገች፣ ስትስብ ጫፉ ከማረፊያው ወደ ኋላ ወድቆ በሚለቀቅበት ጊዜ የራሷን እጅ ሊወጋ ይችላል። ደጋኑ ግን ዛሬ የምትችለው ይሁን። እጀታውና ክንፎቹ የሚነጣጠሉ ዓይነት ከተገዛ እጀታው ዓመታት ያገለግላል፤ የሚቀየሩት ክንፎቹ ብቻ ናቸው።

የቀስቱ ጥንካሬም ከደጋኑ ጋር መመጣጠን አለበት። ለ40 ፓውንድ የተሠራ ግትር ቀስት በ18 ፓውንድ ደጋን ሲለቀቅ በበቂ ሁኔታ ስለማይተጣጠፍ ወደ ጎን ይሄዳል፤ በቀኝ እጇ የምትስብ ልጅ ከሆነች ወደ ግራ። ምስኪኗ ልጅ ደግሞ ጥፋቱ የእጇ መስሏት ወራት ታባክናለች።

የትኛው ዓይን እንደሚመራ ሳያዩ መጀመር

ሁለቱን እጆች ዘርግታ በመዳፎቿ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ትሥራ፣ በቀዳዳው ሩቅ ያለ ነገር እያየች ሁለቱንም ዓይኖቿን እንደከፈተች እጆቿን ወደ ፊቷ ትሳብ። እጆቿ የሚመጡበት ዓይን መሪው ነው። ግራው ከሆነ፣ ቀኝ እጇ ቢጽፍም፣ የግራ ደጋን ይሞከርላት።

ኢላማ ከሌለ ልምምድ የለም ማለት

«ዛሬስ ስንት አገባሽ?»
«አባዬ፣ ዛሬ ኢላማ አልነበረም።»
«ታዲያ ምን ስትወረውሩ ዋላችሁ?»

አባት አይፈረድባቸውም። ሲታይ ዋዛ ይመስላል፦ ልጅቷ ከአምስት ሜትር ርቀት ቆማ፣ ወረቀት ያልተለጠፈበት የድርቆሽ ክምር ላይ ቀስት ትሰካለች። ቁም ነገሩ ግን ያ ነው። የሚታይ ክብ ሲኖር ዓይን ወደ ክቡ ይሮጣል፤ ክቡ ሲነሳ ብቻ ነው እግሯ የት እንደቆመ፣ ክርኗ እንዴት እንደዞረ፣ አውታሩ አገጯን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መንካቱን የምታስተውለው። አውታሩ ክንዷን እየገረፈ የሚያቆስላትም ክርኗን ወደ ውጭ ማዞር ስላልለመደች ነው፤ የክንድ መከላከያው ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ስህተቱን አያርምም።

የእኛ አገር የጊዜ አቆጣጠር ለዚህ የተመቸ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ይዘጋል፣ ሜዳው ግን ጭቃ ነው፣ ሣሩም ያመለጠውን ቀስት ሁሉ ይውጣል። ብዙዎች «መስከረም ይጥባና» ብለው ደጋኑን ይሰቅላሉ። ወሩን ሙሉ ቤት የምትውል ልጅ በረንዳ ላይ ወይም ባዶ አዳራሽ ውስጥ በአምስት ሜትር ብትሠራ፣ ሣሩ ታጭዶ ሜዳው ሲከፈት ሌላ ሰው ሆና ነው የምትወጣው። ጓዳ ውስጥም ቢሆን ማንም ሰው ከኢላማው ጎን ካለ በር እንዳይወጣ በሩ ይቆለፍ።

ለኢላማ መደገፊያ ሱሉልታ ድርቆሽ አላነሰም፤ በደንብ ተጠቅጥቆ በጠንካራ ገመድ መታሰር ግን አለበት። የላላ ድርቆሽ ቀስቱን እስከ ላባው ይውጠውና ላባውን ይልጣል። ማዳበሪያ ከረጢት በአሮጌ ልብስ ጠቅጥቆ መሥራትም ለቀላል ደጋን ያገለግላል፤ ቁልፍና ዚፑ አስቀድሞ ይነቀል።

ርቀት መዝለል

20 ሜትር ላይ ቀስቶቿን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ የምትሰበስብ ልጅ ጎበዝ ናት። ያው ስህተት 60 ሜትር ላይ ቢያንስ ሦስት እጥፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ። በዚያ ርቀት የሚሰቀለው ኢላማ 122 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ሁሉም ነገር መሀል ላይ ቢሆንላት እንኳ ቀስቶቿ ከአሥር (ከመሀሉ ከፍተኛ ነጥብ) እስከ ስድስት ነጥብ ይበተናሉ። 40 ሴንቲ ሜትር የምትሰበስበዋ ደግሞ ከኢላማው ዳርና ከሣሩ ውስጥ ነው የምትለቅመው። ቀስት ፍለጋ የሚያልፍ ጠዋት ልምምድ አይባልም። በአንድ ርቀት ላይ በተከታታይ ሳምንታት ስብስቧ ካልጠበበ ወደሚቀጥለው አትሂድ።

በእያንዳንዱ ቀስት ማነጣጠሪያ መነካካት

ደንቡ ቀላል ነው፤ ቀስቱ ወደሄደበት ማነጣጠሪያውን ማንቀሳቀስ። ግራ ከመቱ ወደ ግራ፣ ላይ ከመቱ ወደ ላይ። ችግሩ ልጆች አንድ ቀስት በሳተ ቁጥር መዞሪያውን ማዞራቸው ነው። ቢያንስ ሦስት ቀስቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው ካልሳቱ ጥፋቱ የማነጣጠሪያው አይደለም። ከኋላ ቆመው «ወደ ቀኝ! ወደ ታች!» የሚሉ ዘመዶች ካሉ ሻይ ይጠጡ ዘንድ ይላኩ።

ስቦ መመለስን እንደ ሽንፈት መቁጠር

ስባ ስታበቃ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማታል፤ ግን ሰው እያየ ነው፣ መመለስ ያሳፍራታል፣ ትለቀዋለች። ቀስቱ ዝቅተኛ ነጥብ ባለው ጥቁሩ ክብ ላይ ያርፋል። በልምምድ ሆን ተብሎ መመለስ ይሠራ፦ ከአምስት አንዱን ስባ አውርዳ፣ ተንፍሳ፣ እንደገና መጀመር። በአንድ ለአንድ ግጥሚያ ለአንድ ቀስት የሚሰጠው 20 ሴኮንድ ነው፤ ያልለመደ ሰው አጭር ይመስለዋል፣ የለመደ ግን አንድ ጊዜ ተመልሶ ለመሳብ ይበቃዋል። ስልክ ላይ ሰዓት ሞልቶ መሞከር ነው።

ሲመለስ አውታሩ በእጅ ተይዞ በዝግታ ይወርዳል። ቀስት የሌለበትን አውታር መልቀቅ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ቀስቱ ይዞት ሊሄድ የነበረው ኃይል ወደ ክንፎቹ ተመልሶ ሊሰነጥቃቸው ይችላል። ለማሳየት ብሎ «እስቲ ልሳበው» የሚል እንግዳ ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ደጋኑ ሰው እጅ አይግባ።

ነጥብ እየደመሩ መወርወር

የደረጃ ማውጫው ሙሉ ነጥብ 720 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ የደቡብ ኮሪያዋ ሊም ሲህዮን በ694 የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች፤ እሷም 26 ነጥብ ጥላለች። ዘጠኝ ስታገባ ፊቷ የሚጠቁር ልጅ ይህን ትወቅ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግጥሚያ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ዙር ሦስት ቀስት አለው፤ ዙሩን ያሸነፈ 2 ነጥብ፣ እኩል ከወጡ አንድ አንድ፤ ቀድሞ 6 የደረሰ ያልፋል። መጥፎ ቀስት ከዙሩ ጋር ተዘግቶ ይቀራል። የቻዱ ኢስራኤል ማዳዬ በዚያው ፓሪስ ከኪም ዉጂን ጋር ሲገጥም አንዱ ቀስቱ አንድ ነጥብ ላይ አርፎ 6 ለ 0 ተሸነፈ፤ ዓለምም ያችን ቀስት ሲቀባበላት ሰነበተ። ያቺ ቀስት ግን ያስከፈለችው አንድ ዙር ብቻ ነው፤ ሁለት ብታገባም፣ ሰባት ብታገባም ያው ነበር። ኪም በበኩሉ የፍጻሜውን ግጥሚያ ከአሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን ጋር 5 ለ 5 ሆኖ በመለያ ቀስት ነው ያሸነፈው፤ ሁለቱም አሥር አገቡ፣ የኪም በ4.9 ሚሊ ሜትር ወደ መሀል ቀረበች። በጭንቅላቱ ድምር የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ቀስት አይወረውርም። ድምሩን ጸሐፊው ይያዝላት።

የውድድር ቀን

አዲስ አውታር፣ አዲስ የጣት መከላከያ፣ አዲስ ጫማ በውድድር ሳምንት አይጀመርም። የዳርቻው ጠዋት ብርድ ስለሆነ ልጆች ወፍራም ጃኬት ደርበው ይመጣሉ፣ አውታሩ እጅጌውን ይመታና ቀስቱ ይስታል። ነጠላም የጆሮ ጌጥም ያው ናቸው። የምትወዳደርበትን ልብስ ለብሳ ትለማመድ።

ነጥብ እስኪመዘገብ ቀስትም ሆነ ኢላማ አይነካም። መስመር የነካ ቀስት ከፍተኛውን ነጥብ ይወስዳል፤ ካልተስማሙ ዳኛ ይጠራል፣ ልጅ ስለሆነች ዝም ማለት የለባትም።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ ቀስቱን የሚይዘው ነገር ያንሳል። ወደ ድሬዳዋ ወይም ከዚያ ዝቅ ወዳለ አገር ለውድድር ስትወርድ ያው ማነጣጠሪያ በረጅም ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሊመታባት ይችላል፣ ነፋሱም በያዘው ፍጥነት የበለጠ ይገፋል። በዋዜማው ደርሳ የሙከራ ቀስት ትወርውር፣ አዲሱን ምልክት ከቦታው ስም ጋር በደብተሯ ትጻፍ፤ ስትመለስ ደግሞ የሱሉልታውን ገጽ ትክፈት።