ጥልቀት የሌላቸውን ሐይቆች በፋይቶፕላንክተን ስብስባቸው እንዴት መመደብ ይቻላል?

ጥልቀት የሌለው ሐይቅ የሚባለው ነፋስ ውኃውን እስከ ታች ድረስ የሚያማታው፣ በሙቀት ልዩነት የተነሳ የላይና የታች ንብርብር ሆኖ ለረጅም ጊዜ የማይከፈል፣ አማካይ ጥልቀቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያሉ ሁለት ሐይቆች ተቀራራቢ የፎስፈረስ መጠን ይዘው እንኳ አንዱ የጠራና የውኃ ውስጥ ዕፅዋት የሞሉበት፣ ሌላው አረንጓዴና ድፍርስ ሊሆን ይችላል። በኬሚካል መጠን ብቻ መመደብ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። በውኃው ውስጥ እየተንሳፈፉ በብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁት ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ማለትም ፋይቶፕላንክተን፣ የትኛው ሁኔታ እንደሰፈነ በተሻለ ይናገራሉ።

ሥራው የሚጀምረው ከናሙና ነው። ወንፊት መረብ ጥቃቅኖቹን ሕዋሳት ስለሚያሳልፍ ለቆጠራ አይሆንም፤ ይልቁንም ውኃውን ከላይ እስከ ወለሉ አቅራቢያ በሚቀዳ ቱቦ፣ ነፋስ አረፋውን ከሚያከማችበት ዳርቻ ርቆ፣ ከተለያዩ ቦታዎች ወስዶ በባልዲ መቀላቀል ይገባል። ከዚያ ላይ ጥቂቱን በጠቆር ያለ ጠርሙስ ቀድቶ፣ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል ድረስ ሕዋሳቱ እንዳይበላሹ የሚያቆየውን የሉጎል አዮዲን ጠብ ማድረግ ነው። አዮዲኑ የሕዋሳቱን ተፈጥሯዊ ቀለም ስለሚሸፍን፣ አዮዲን ያልነካውን ጠብታም በዚያው ዕለት በማይክሮስኮፕ ማየት ለመለየት እጅግ ይረዳል። የውኃው ሙቀት፣ የንጥረ ነገሮች መጠን፣ የዕፅዋት ሽፋንና በሴኪ ዲስክ (በገመድ ወደ ውኃው በሚወርድ ክብ ሰሌዳ) የሚለካው ጥራት አብረው ይመዘገባሉ። ዲስኩ ወለሉን ነክቶም ከታየ ግን ያ ቁጥር የሐይቁ ጥልቀት እንጂ የውኃው ጥራት ስላልሆነ «እስከ ወለል ይታያል» ብሎ መጻፍ ነው።

ለቆጠራ ናሙናው በማዝቀጫ ዕቃ ውስጥ እንዲዘቅጥ ይደረግና ሌንሱ ከሥር ባለ ማይክሮስኮፕ ይታያል። በውስጣቸው ጋዝ ያላቸው ሳያኖባክቴሪያዎች (በብርሃን ምግባቸውን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች) ወደ ታች አልወርድም ብለው ላይ ይቀራሉ፤ ናሙናውን በመርፌ አልባ ስሪንጅ ውስጥ አድርጎ፣ አፉን ደፍኖ በኃይል መጫን የጋዝ ከረጢቶቹን ያፈርሳቸዋል። 400 ያህል ነጠላ ሕዋሳትን፣ ሰንሰለቶችን ወይም ስብስቦችን መቁጠር ስህተቱን ወደ 10 በመቶ ገደማ ያወርደዋል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ የቆጠሩትን ብዛት እንዳለ ይወስዳሉ። ዲያሜትሩ 2 ማይክሮሜትር የሆነ ድቡልቡል ሕዋስ 4.2 ኪዩቢክ ማይክሮሜትር ያህል ይዘት ሲኖረው፣ 20 ማይክሮሜትር የሆነው ግን 4,190 ገደማ ይዘት አለው፤ አንዱ ትልቅ ከ1,000 ትናንሾች ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዝርያ ልኬት ወስዶ፣ ለቅርጹ በሚስማማ የጂኦሜትሪ ቀመር ይዘቱን አስልቶ በብዛቱ ማባዛት የግድ ነው።

ቀጥሎ ዝርያዎቹ በስማቸው ሳይሆን በአኗኗራቸው ይሰበሰባሉ። የፋይቶፕላንክተን ተመራማሪው ኮሊን ሬይኖልድስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ያቀረቡት የተግባር ምድብ በፊደል ኮድ የተሰየመ ነው፦ ፕላንክቶትሪክስ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ የሚገኝበት «ኤስ1» ብርሃን ያነሰበትን ድፍርስና የሚማታ ውኃ፣ ሴኔደስመስና ፔዲያስትረም የተባሉት አረንጓዴ አልጌዎች ያሉበት «ጄ» በንጥረ ነገር የበለጸገ ጥልቀት የሌለው ውኃን ያመለክታሉ። «ኤች1» ደግሞ ከአየር የመጣ ናይትሮጅንን መጠቀም የሚችሉትን ሳያኖባክቴሪያዎች ስለሚይዝ፣ እሱ ሲገን የናይትሮጅን እጥረት መኖር አለመኖሩን ማጣራት ተገቢ ነው። በእኔ ግምት ከረጅም የዝርያ ዝርዝር ይልቅ እነዚህ ምድቦች ይሻላሉ፤ ሁለት ባለሙያዎች በአንድ ዝርያ ስም ባይስማሙ እንኳ በምድቡ ብዙ ጊዜ ይስማማሉና።

ሐይቆቹን ለማነጻጸር የብሬይ ከርቲስ ልዩነት የተባለው ስሌት በስፋት ያገለግላል። አንዱ ሐይቅ በሊትር 6 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ዳያቶም (የሲሊካ ቅርፊት ያለው ፋይቶፕላንክተን) እና 2 ሳያኖባክቴሪያ፣ ሌላው 2 ዳያቶምና 6 ሳያኖባክቴሪያ ቢኖረው፣ የልዩነቶቹ ድምር 8 ለአጠቃላዩ 16 ተካፍሎ 0.5 ይመጣል፤ 0 ፍጹም መመሳሰል፣ 1 ምንም የጋራ ነገር አለመኖር ነው። አንድ ገናና ቡድን ሁሉን እንዳይውጥ አስቀድሞ የእያንዳንዱን ይዘት ካሬ ሥር መውሰድ ይለመዳል። ከዚያ በኮምፒውተር ፕሮግራም የተመሳሰሉት በቅርንጫፍ ሥዕል ይሰበሰባሉ። ሥዕሉን የት ላይ መቁረጥ እንዳለብን ግን ፕሮግራሙ አይወስንም፤ የተገኙት ቡድኖች በውኃው ጥራት፣ በዕፅዋት ሽፋን ወይም በንጥረ ነገር ካልተለያዩ ከሚገባው በላይ ከፋፍለናል ማለት ነው።

አንድ ቀን የተወሰደ ናሙና የሐይቁን ዓይነት ሳይሆን የዚያን ሳምንት ሁኔታ ስለሚያሳይ፣ ናሙናው በተለያዩ ወቅቶች መደገም አለበት። በየወቅቱ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚሸጋገረውንም ሐይቅ በአማካይ ቁጥር ወደ አንዱ ከመጨፍለቅ ይልቅ «ተለዋዋጭ» በሚል ራሱን የቻለ ዓይነት ማስቀመጥ ይመረጣል።