በሐኪም ቤት የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታካሚው ካርድ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የአልትራሳውንዱ ንባብና የመድኃኒት ማዘዣውም የሚጻፉት በዚያው ቋንቋ ነው። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሚታከመው የጎጃም ሕዝብ ግን ሕመሙን የሚያውቀው በአማርኛ፣ በአዊ በኩል ደግሞ በአገውኛ ነው። ይህን ክፍተት እንዲሞላ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰ የቤት ልጅ ነው። «እስቲ ምን ይላል፣ አንብብልኝ» ይባላል፤ ልጁም በትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ የሚችለውን ያህል ይተረጉማል። ልጁ የሚወቀስበት ነገር የለም። ሆኖም ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች ሰውን ለከፋ ሕመም፣ አንዳንዴም ለሞት የሚያደርሱ ስለሆኑ ታካሚም አስታማሚም ቢያውቋቸው ይበጃል።

ከሁሉ የከፋው የሰዓት ስህተት ነው። ማዘዣው ላይ «ቲ.አይ.ዲ» ተብሎ ሲጻፍ በቀን ሦስት ጊዜ፣ «ቢ.አይ.ዲ» ሲባል ሁለት ጊዜ፣ «ኪው.አይ.ዲ» ሲባል አራት ጊዜ ማለት ነው። እነዚህ ምሕጻረ ቃላት ከላቲን የመጡ በመሆናቸው እንግሊዝኛ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንኳ ካልተነገረው በቀር ሊገምታቸው አይችልም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሲሰጥ ባለሙያው ብዙ ጊዜ «በየስምንት ሰዓቱ» ይላል። አንድ አረጋዊ አባት በመድኃኒት ቤት መስኮት ቆመው ይህን ሲሰሙ «እሺ ልጄ፣ በስምንት ሰዓት» ብለው እሽጉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ። እሳቸው የተረዱት ከምሳ በኋላ ያለውን ስምንት ሰዓት ነው። በዚህ ዓይነት በቀን ሦስት ጊዜ ሊዋጥ የሚገባው ፀረ ተሕዋስያን አንድ ጊዜ ብቻ ይዋጣል፤ ትኩሳቱ አልወርድ ሲል ደግሞ መድኃኒቱ ውሸት ነው ይባላል። ባለሙያው «አባቴ፣ ጠዋት በ12 ሰዓት አንድ፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት አንድ፣ ከምሽቱ በ4 ሰዓት አንድ ይዋጡ» ብሎ ቢነግራቸውና እሳቸውም ቃሉን ደግመው ቢናገሩለት ኖሮ ስህተቱ ከመስኮቱ አያልፍም ነበር። ባለሙያው ይህን ሳይል ከቀረ፣ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። ለቀጠሮም ያው ነው። ወረቀቱ ላይ 8፡00 ተብሎ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው፤ ከገጠር የሚመጣ ሰው በከሰዓቱ 8 ሰዓት ቢደርስ ሐኪሙን ላያገኘው ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ያመጣው ሌላ ስህተት አለ፤ ከሰዓቱ ያነሰ ቢነገርለትም ያነሰ አደገኛ አይደለም። በመድኃኒት እሽግ ላይ «ኤክስፓየሪ» (የአገልግሎት ማብቂያ) ከሚለው ቃል አጠገብ የሚታተመው ወርና ዓመት የሚቆጠረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በጥቅምት 2018 አንድ እናት ከሣጥናቸው ያወጡት ሽሮፕ 06/2025 ይላል እንበል። ቁጥሩን በእኛ ዘመን ያነበበ ሰው ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል ብሎ ለሕፃኑ ያጠጣዋል፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜው ያለፈው በሰኔ 2017 ነው። ወሩም እንዲሁ ያሳስታል፤ ስድስተኛው ወር ለእኛ የካቲት ሲሆን በእነርሱ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ያለው ነው። ማስታወስ ያለብን ቀላል ስሌት ነው፦ ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከጥር እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ 8፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ደግሞ 7 ይቀነሳል። በዓመቱ መለወጫ አካባቢ ቀናቱ ስለሚደራረቡ ያን ጊዜ ባለሙያ መጠየቅ ይሻላል። «ማኑፋክቸሪንግ» የሚለው ደግሞ የተመረተበትን ጊዜ ያመለክታልና ከማብቂያው ጋር አይምታታ።

በጎጃም ምድር ከማንኛውም ቦታ ይልቅ ሊጠነቀቁት የሚገባ ቃል «ፋስቲንግ» ነው። የስኳር ምርመራ የታዘዘለት ሰው «ነገ በፋስቲንግ ይምጡ» ወይም «ጾመው ይምጡ» ይባላል። ለጎጃም ገበሬ ጾም ማለት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አለመብላት፣ አቅም ላለውም ከተወሰነ ሰዓት በፊት አለመቅመስ ነው። በሁዳዴ ወቅት ጠዋት በማር የተበጠበጠ ተልባ የጠጣ ሰው፣ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ፉት ያለ ሰው፣ «ጾመዋል?» ተብሎ ሲጠየቅ በቅን ልቦና «አዎ፣ ጾመኛ ነኝ» ይላል። ሐኪሙ የሚፈልገው ግን ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውኃ በስተቀር ምንም ነገር ያልገባበትን ሆድ ነው። በዚህ ሁኔታ የተወሰደው ደም 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር ሕመም አለ ተብሎ ስለሚጠረጠርና ምርመራው ስለሚደገም፣ ጠዋት የተጠጣ ሻይ ጤነኛውን ሰው ስኳር በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል። ቀዶ ጥገና ለሚደረግለት ሰው ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ሰመመን በሚሰጥበት ጊዜ በሆድ ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ታካሚው ሊሞት ይችላልና፣ የጾም ምግብ ነው ተብሎ የተበላ ሽሮም ቢሆን መነገር አለበት። ለዚህ ነው ባለሙያዎቻችን «ጾመው ይምጡ» ማለትን ትተው «ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ምንም አይብሉ» እያሉ ሰዓቱን ቆርጠው ቢነግሩ የተሻለ የሚመስለኝ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በዐቢይ ጾም የመድኃኒቱን ሰዓት ለማዛወር ሲያስብ፣ ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ጋር አስቀድሞ ሊመክር ይገባል።

«ፖዘቲቭ» እና «ኔጌቲቭ» የሚሉትን ቃላት ሕዝባችን ከኤች.አይ.ቪ ምርመራ ጋር ስለለመዳቸው ትርጉማቸው የተፈታ ይመስለዋል። በአብዛኛው ፖዘቲቭ ሲባል የተፈለገው ነገር ተገኘ፣ ኔጌቲቭ ሲባል አልተገኘም ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ በደም ዓይነት ላይ ሲውል ነው። ነፍሰ ጡር እናት «ኦ ኔጌቲቭ» ወይም «ኤ ኔጌቲቭ» ተብላ «ተመስገን፣ ምንም የለብኝም» ብላ ከሄደች በዚያው ልትጎዳ ትችላለች። እዚህ ላይ ኔጌቲቭ የሚለው አርኤች የሚባለው የደም ምልክት በደሟ ውስጥ እንደሌለ ነው። የባሏ ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ፅንሱም የእሱን ከወረሰ፣ የእናቲቱ ሰውነት የልጁን ደም የሚያጠፋ ነገር ማምረት ሊጀምር ይችላል፤ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ በደህና ይወለዳል፣ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። መከላከያው «አንቲ ዲ» የሚባል መርፌ ነው፤ በ28ኛው ሳምንት ገደማና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ ፅንስ ሲወርድም ያስፈልጋል። በየቦታው ላይገኝ ስለሚችል የደም ዓይነቷን ቀድማ ያወቀች እናት ከመውለዷ በፊት የት እንደሚገኝ ማጠያየቅ ይኖርባታል። ሁለት ልጅ በተከታታይ በቢጫነት ያጣችን እናት መድኃኒተኛ ቤት ለቤት እያዞሩ ከማስጨነቅ ይልቅ የደም ዓይነቷን መጠየቅ ስንት እንባ በታደገ ነበር።

ስለ ደም ከተነሣ፣ «ደም ብዛት»፣ «ደም ማነስ» እና «ሎው» የሚሉት ሦስት አባባሎች መለየት አለባቸው። ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊት መጨመር ነው፤ በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት በተደጋጋሚ ሲለካ 140/90 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ማለት ነው። ደም ማነስ ደግሞ የቀይ የደም ሕዋስ ወይም በውስጡ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን ማነስ ነው። «ፕሬዠሬ ሎው ነው» ሲባል የሚታሰበው የደም ግፊት መውረድ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ግፊት ያለበት ሰው ደሙ ሊያንስ ይችላል፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። የግፊት ክኒን እየዋጠ ሳለ «ደም ማነስ አለብዎት» የተባለ ሰው «እንግዲያው ደም ብዛቱ ለቀቀኝ» ብሎ ክኒኑን ካቆመ፣ ውጤቱ ድንገተኛ የአንጎል ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል።

«ታይፎይድ» እና «ታይፈስ» ስማቸው ይቀራረባል እንጂ መንገዳቸው የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ሁለተኛው በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ ውኃ ማፍላት፣ ለሌላው ልብስ መቀቀል ያስፈልጋል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራም ከዚህ በፊት ይዞ በለቀቀ ሕመም ምክንያት «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላልና፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ብቻ አይቶ እንዲያዝ መጎትጎት ተገቢ አይደለም።

በጣና ዙሪያና በዓባይ በረሃ፣ እንዲሁም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርደው በሚመለሱ ወጣቶች ዘንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ፒ.ኤፍ» ወይም «ፒ.ቪ» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ሁለቱም ወባ ናቸው። ፒ.ኤፍ ፋልሲፋረም ሲሆን ቶሎ ካልታከመ አንጎል ላይ ወጥቶ ሊገድል የሚችለው እሱ ነው። ፒ.ቪ ቫይቫክስ ነው፤ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ያገረሻል። ለዚህ ነው ለቫይቫክስ ትኩሳቱን ከሚያበርደው መድኃኒት በተጨማሪ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን የሚዋጥ ፕሪማኪን የሚታዘዘው። በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ቀሪውን ለወንድሙ ያስቀመጠ ልጅ ሲያገረሽበት «አዲስ ወባ ያዘኝ» ይላል። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡር ስለማይሰጥ ሴቶች እርግዝናቸውን መናገር አለባቸው።

በክንድ የሚገባውን ፈሳሽ ሁሉ «ጉሉኮስ» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ከሚሰቀሉት ከረጢቶች ብዙዎቹ ጨውነት ያለው «ኖርማል ሳላይን» ወይም «ሪንገር» ናቸው፤ የስኳር ሕመምተኛ በሌላ ቦታ ሲጠየቅ «ጉሉኮስ ተደርጎልኛል» ካለ ሐኪሙን ያሳስታል። «አንቲፔይን» እና «አንቲባዮቲክ» የሚሉትንም አለማምታታት ነው፤ የመጀመሪያው ሕመም ያስታግሣል፣ ሁለተኛው ባክቴሪያ ይገድላል፣ ጉንፋንን ግን ሁለቱም አያድኑትም።

ካርድ ወይም የምርመራ ወረቀት የሚያነቡ ልጆቻችን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር፣ በትምህርት ቤት የተማሩት ቃል በሐኪም ካርድ ላይ ሌላ ሥራ የሚሠራ መሆኑን ነው። «ኮምፕሌንት» ታካሚው ያቀረበው ሕመም ነው፤ ክስ ወይም አቤቱታ አይደለም። «ፔሸንት ዲናይስ» ሲል ታካሚው ያ ምልክት እንደሌለበት ተናግሯል ማለት እንጂ ዋሽቷል ወይም ክዷል ማለት አይደለም። «ስቱል» በርጩማ ሳይሆን ሰገራ ነው። «ዲስቻርጅ» እንደ ቦታው ከሆስፒታል መውጣት ወይም ከቁስልና ከማሕፀን የሚወጣ ፈሳሽ ይሆናል። የአልትራሳውንድ ወረቀት ስለ ጉበት ወይም ስለ ኩላሊት «አንሪማርከብል» ካለ የሚያሠጋ ነገር አልታየም ማለት ስለሆነ፣ ቃሉ ስላስፈራ ብቻ ቤተሰብ ማስለቀስ አይገባም። «አኪዩት» በቅርብና በድንገት የጀመረ፣ «ክሮኒክ» ለረጅም ጊዜ የቆየ ማለት ነው፤ ክብደቱን አይናገሩም፤ አኪዩት የተባለ ሕመም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል፣ ክሮኒክ የተባለው ደግሞ በመድኃኒት አርባ ዓመት አብሮ ሊኖር ይችላል። «ቱሞር» ወይም «ማስ» የሚለውን ሁሉ ካንሰር ብሎ መተርጎምም ስህተት ነው፤ እብጠቱ «ቢናይን» ወይም «ማሊግናንት» መሆኑ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በባዮፕሲ፣ ማለትም ከእብጠቱ ቁራጭ ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ ነው፤ የመጀመሪያው ካንሰር ያልሆነ፣ ሁለተኛው ካንሰር ማለት ነው።

ሌላው ስህተት ከታካሚው አንደበት የሚወጣ ነው። ሐኪም ፊት ተቀምጦ «ጋስትሪክ አለብኝ»፣ «ሳይነስ ነው»፣ «ኩላሊቴን ነው» ማለት ሕመሙን ሳይናገሩ የሕመሙን ስም መስጠት ነው። ከአጨዳ በኋላ ወገቡ የተያዘ ሰው ኩላሊቴን ካለ ሐኪሙ የሽንት ምርመራ ያዝዛል፤ የወገቡ ነገር ሳይነሣ ይቀራል። በተቃራኒው ደግሞ ከልብ የሚመጣ ሕመም ጨጓራ እየተባለ በማስታገሻ ሲታለፍ ኖሮ ሰው ድንገት ይሞታል። እምብርት በላይ ወይም ደረት መካከል የሚጀምር ሕመም፣ ላብ ካጠመቀ፣ ትንፋሽ ካሳጠረ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ ይህን በአማርኛ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንት ካቃጠለ ወይም ከቀላ፣ ሕመሙ ከመብል በፊት ነው ከመብል በኋላ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲደረግ ይብሳል፣ ምን ሲደረግ ይቀላል፤ ሐኪሙ የሚሠራው በእነዚህ መልሶች ነው። አያቶቻችን ቁርጠት፣ ቃር፣ ውጋት፣ ጥዝጣዜ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መጨነቅ ብለው የለዩአቸው ስሜቶች ከተዋሱት የእንግሊዝኛ ስም ይልቅ ለሐኪሙ ብዙ ይነግሩታል።

በመጨረሻ «ሪፈር» የሚለው ቃል ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን የተላከ ታካሚ ብዙ ጊዜ «ሐኪም ተስፋ ቆረጠበት» እየተባለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሪፈር ግን እዚህ የሌለ መሣሪያ ወይም ልዩ ሐኪም እዚያ አለና ሂድ የሚል ትእዛዝ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ካልያዘ በላይኛው ሆስፒታል ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ወረቀቱን፣ የቀድሞ የላቦራቶሪ ውጤቶችንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ባዶ እሽግ ጭምር በአንድ ፌስታል ይዞ ይሂድ፤ ከመነሣቱም በፊት የላከውን ሐኪም «ወደ የትኛው ክፍል ነው የላኩኝ? በስንት ቀን ውስጥ ልድረስ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በአማርኛ ያስጽፍ።